መርዶ የሚነገረው ወደብ ላይ ነው

ጋሼ ዳምጤ መሞታቸውን የሰማሁት ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። በባሕር ዳርቻው የእንጨት መንገድ ላይ አንድ ጣውላ ተነቅሎ ነበርና ጎብኚ እንዳይሰናከልበት ላስተካክል ወርጃለሁ። የቢሯችን ልጅ ሞባይል ይዛ እየሮጠች መጣች። ደዋዩ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ ቀሲስ ኃይሉ ነበሩ።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «ጋሼ ዳምጤ ትናንት ዐርፈው ተገኙ። ዘመድ የላቸውም፤ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። አንቺ አብረሻቸው ሠርተሻል፣ ሰምተሽ ይሆን?»

መርዶው ይኸው ነበር። ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ፣ «እስቲ አረፍ በይ» የሚል ሰው የለ። ፎርም የሚሞላ ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁኝ። ቀሲስን አልወቅስም። እኔ ለጋሼ ዳምጤ ምናቸውም አይደለሁም። እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ባለው የመንግሥት ፎቅ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ ሬዲዮናቸው ሲጮህ አድሮ ሲነጋም አልጠፋ ሲል ጎረቤታቸው በር አስከፈተች። እሑድ ዕለት ነው።

«ሰዎች ጠይቄ ልደውልልዎት» አልኳቸው።

የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረም። ስሙን አውቀዋለሁ። ሜልበርን ውስጥ የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው ሲሞት ቄሱ ፍትሐት የሚያደርስለት በክርስትና ስሙ ነው፤ ሌላው ስም ለመታወቂያ ነው፣ እዚያ ቤት አይሠራም። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። እዚህም አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ሰውየውን ከመጀመሪያው ማምጣት አለብኝ።

እኔና ጋሼ ዳምጤ የተገናኘነው በዘጠናዎቹ እኩሌታ ላይ ነው፤ እኔ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያኔ ከዌሪቢ ወንዝ አፍ ወደ ፖይንት ኩክ ያለውን የባሕር ዳርቻ የታሪክ መንገድ የማድረግ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ዳርቻው ላይ የድሮ ገበሬዎች የካቡት የጥቁር ድንጋይ አጥር አለ። የፈረሰ የጀልባ ማቆሚያ አለ። ከዓለም ሌላኛው ጫፍ እየበረሩ የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት ረግረግ አለ። ሐሳቡ ይህን ሁሉ በአንድ የእግር መንገድ ማገናኘት ነው፤ ሰው በአውቶቡስ መጥቶ ይጎብኝ፣ ረግረጉን እንዳይረግጥ በጣውላ ላይ ይሂድ፣ የአካባቢው ሥራ አጥ ሠርቶ ይብላበት፣ የዌሪቢ ጎመን ገበሬዎችም ምርታቸውን ለመጣው ሰው ይሽጡ። ለሥራ አጦች የስድስት ወር ፕሮግራም ወጣ። ስምንት ሆነን ገባን፤ አምስታችን ሐበሾች ነበርን።

ፕሮጀክቱን የምትመራው ሄለን የምትባል ረጋ ያለች አውስትራሊያዊት ነበረች። እኛን በየቀኑ የሚያሠሩን ግን ጋሼ ዳምጤ ናቸው።

የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ምፅዋ ላይ ሃያ ዓመት ያህል መርከብ ላይ አገልግለዋል። አገር ሲገለባበጥ ወደ የመን ተሻግረው፣ እዚያ ካምፕ ከርመው፣ ከሁላችንም ቀድመው ሜልበርን ገብተዋል። ሚስት እንደነበራቸው ይወራል፤ እሳቸው አውርተው አያውቁም። ቁመታቸው አጭር፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ከሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ ሥር ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳሉ። አንድ ጣውላ ተመትቶ ባለቀ ቁጥር ይመጡና በተረከዛቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ድምፁ ደስ ካላላቸው አንድ ቃል ብቻ ይወጣቸዋል፤ «እንደገና»። ሰው ሲወድቅ አያነሱም፣ ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት። በእንግሊዝኛችን ይሳለቃሉ፤ የራሳቸው ከሁላችንም ይብስ ነበር፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል? «ጋሼ» እያልን፣ «እርስዎ» እያልን፣ አንገታችንን ደፍተን እንሠራለን።

ሰለሞንን ያደረጉትን አልረሳም። ሰለሞን ከእኛ ጋር የነበረ ጴንጤ ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ምሳ ሳይጸልይ የማይቀምስ፣ በጠላቱ ላይ እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው። አገሩ እርከን ሲክብ ያደገ ስለሆነ የፈረሰውን የድንጋይ አጥር የሚጠግነው እሱ ነበር። አንድ ሳምንት በዝናብ ሃያ እርምጃ ያህል ካበ። እንዲህ የሚያምር ካብ አላየሁም። ሄለን ፎቶ አነሳችው። ጋሼ ዳምጤ መጡ፤ ከዳር እስከ ዳር ካቡን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱና አንድ ቦታ ቆሙ።

«እዚህ ጣቴ ገባ» አሉ።

«ጋሼ፣ አንዷን ድንጋይ ብቻ ላውጣና ላስተካክላት» አለ ሰለሞን።

እሳቸው ጎንበስ ብለው ከሥር አንዱን ድንጋይ ጎተቱት። ካቡ በዚያ በኩል ተንዶ ወረደ።

«እንደገና።»

ሄለን ደህና ነው፣ ይበቃል ብትላቸው በዚያች እንግሊዝኛቸው «ኖ ደህና» አሏት። ሰለሞን ዝናቡ ፊቱ ላይ እየወረደ ሃያውን እርምጃ አፈረሰ፤ ከዚያም መልሶ ካበው። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ ጋሼ ዳምጤ ዞር ብለው ሳያዩት አለፉ። ይሄ ከማፍረሱ ባሰብኝ።

«ጋሼ፣ አያዩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አፍርሶ የሠራ ሰው ሥራ አይታይም፤ ደህና ነው» አሉኝ።

ሰለሞን ሰምቶ ፈገግ አለ። እኔ ግን ሰውን ለማመስገን መጀመሪያ ማዋረድ ያስፈልጋል ወይ እያልኩ ስቆጣ ዋልኩ። ያም ሆኖ ያ ካብ ዛሬም ቆሞ አለ። ከሁለት ጊዜ ከባድ ማዕበል በኋላ ሌላው አጥር ሲናድ የሰለሞን አልተነቀነቀም። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ስጽፍ አዳልቼ መጻፍ አልፈልግም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከመካከላችን አንድ ሰው በቋሚነት እንደሚቀጠር ሄለን ነግራናለች። ሥራው አስጎብኚነት ነው፤ ጎብኚውን ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጀልባ ማቆሚያው ፍራሽ ድረስ መርቶ የቦታውን ታሪክ መንገር። የመንገዱ ምረቃ ቀን አመልካቾች በየተራ አንድ አንድ ቡድን ይመራሉ፣ ከዚያ አንዱ ይመረጣል። ከሐበሾቹ ያመለከትነው እኔና ሰለሞን ነበርን።

እኔ ያን ሥራ የምፈልገው ለእናቴ ነው። እናቴ ደሴ ነበረች፣ ከወንድሜ ከጌታቸው ጋር። ዓይኗ እየደከመ፣ ጉልበቷም እንቢ እያላት ነበር። ስፖንሰር አድርጌ ላመጣት ስጠይቅ ቋሚ ሥራ ያስፈልግሻል ተባልኩ። እናም ያን ስድስት ወር ሙሉ የማስበውም የማወራውም ይህንኑ ነው። መዶሻ ይዤ «እማዬ ስትመጣ»፣ ምሳ ላይ «እማዬ ስትመጣ»። ሌሎቹ ሰልችቷቸው ነበር። መንገዱ ዳር፣ ባሕሩ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ሠርተን ነበር። እናቴ አጭር ስለሆነች እግሯ መሬት እንዲደርስ ትንሽ ዝቅ ይበል ብዬ ጋሼ ዳምጤን ለመንኳቸው።

«ወንበሩ የሚሠራው በልክ ነው። እናትሽ ትርዘም» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐበሻ ባህር ማዶ ሲኖር ለአገር ቤት ዘመዶቹ ሁለት ስልክ ቁጥር ይልካል። አንዱ የራሱ ነው፣ ለደህናው ወሬ። ሌላው የአንድ ትልቅ ሰው ነው፣ ለክፉው። ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይደወልም፤ ለትልቁ ሰው ይደወልና እሱ ሰው ሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በደንቡ ያረዳል። እኔም ለጌታቸው ሁለተኛ ስልክ መላክ ነበረብኝ። ማንን ልምረጥ? ቀሲስን ገና በደንብ አላውቃቸውም ነበር። ሰለሞን ሆደ ቡቡ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ እሱ ያለቅሳል። ጋሼ ዳምጤ ልባቸው ድንጋይ ነው፣ አይደነግጡም ብዬ የእሳቸውን ላክሁ። ሳስፈቅዳቸው «እሺ» ብቻ ነው ያሉት። ራሴ ነኝ የመረጥኳቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነፋሱን ሸሽተን ዕቃ ማስቀመጫው ኮንቴይነር ጀርባ ተቀምጠን ሳለ ስለ መርከብ አወሩን። አንድ የሞተር ክፍል ባልደረባቸው አባቱ ይሞትበታል። ወሬው በሬዲዮ መርከቡ ይደርሳል። አዛዡ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ምፅዋ እስኪገቡ ሦስት ሳምንት ዝም ይላል። ሰውየው እየሳቀ፣ እየዘፈነ ሞተሩን ሲያንቀሳቅስ ከርሞ መርከቡ እንደታሰረ ተነገረው።

«መርከብ ላይ መርዶ አይነገርም» አሉ ጋሼ ዳምጤ። «እጁ ይላላል። መርዶ የሚነገረው ወደብ ላይ ነው።»

«ይሄማ ጭካኔ ነው» አለ ሰለሞን። «ሰው በሐዘኑ ላይ መብት የለውም?»

ጋሼ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እኔ ስለ ነገሩ አላሰብኩበትም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አለቃዬ ናቸው፣ ስለ እኔ ለሄለን የሚናገሩት ቃል ያስፈልገኛል። ትልቅ ሰው ጠይቆኝ እንዴት ፊት ለፊት እቃረናለሁ? «ልክ አድርጓል ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንጀራዬን መብላቴን ቀጠልኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው፣ ጠዋት ጣውላ ስንሸከም ጋሼ ዳምጤ አጠገቤ መጥተው በዝግታ «የእናትሽ የክርስትና ስም ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ደነቀኝ። ስለ እናቴ ጠይቀውኝ አያውቁም። «ወለተ ሥላሴ» አልኳቸው። ልቤ ሞቀ፤ ለካ ይህ ሰው የሚጠይቅ አንጀት አለው አልኩ። ደስታዬ ድፍረት ሰጠኝና «የእርስዎስ ጋሼ?» አልኳቸው። ቆም አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አሉና ጣውላውን በአንድ ወገን አንስተው ሄዱ። ያን ዕለት ማታ ለቤት ጓደኛዬ «ጋሼ ዳምጤ እኮ ክፉ ሰው አይደሉም» ስላት ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ስገባ አግዳሚው ወንበር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። እግሮቹ በመጋዝ ተቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ቦታ ቀለም ተቀብቷል። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማዬ ስትመጣ...» ብዬ ስጀምር «ወሬሽን ትተሽ ልምምድሽን ጀምሪ» ብለው ጮኹብኝ።

ልምምዱ ሥቃይ ነበር። አስጎብኚ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚያወራው። በዚያች ጠባብ የጣውላ መንገድ ላይ፣ ግራ ቀኝዋ ረግረግ በሆነ፣ በእንግሊዝኛ ታሪክ እየተናገሩ ወደ ኋላ መሄድ ቀላል አይደለም። ሥራ ካበቃ በኋላ አስቀርተው ያለማምዱኝ ነበር። ሰለሞንን አላስቀሩትም። እኔን ብቻ።

«ይህን አጥር የሠሩት ሰዎች...» እላለሁ።

«እንደገና። ድምፅሽ ከነፋሱ በታች ነው።»

«ይህን አጥር የሠሩት...»

«እንደገና። እግርሽን አትይ። እግሩን የሚያይ ሰው አይታመንም።»

አንድ ቀን ተረከዜ ጠርዙን ስቶ ረግረጉ ውስጥ ወደቅሁ፤ እስከ ወገቤ ጨዋማ ጭቃ ገባሁ። ጋሼ ዳምጤ ሰዓታቸውን አዩ። አለቀስኩ። «እናቴን የማመጣበት ሥራ ባይሆን ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር!» ብዬ ጮህኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እሳቸው አልተቆጡም። «በዚህ አነጋገርሽ እናትሽ አትመጣም» አሉኝ። «ውጪና ከመጀመሪያው።»

የምረቃው ቀን ፀሐይ ወጣ። አውቶቡሶች መጡ፤ ገበሬዎቹ ጎመናቸውንና አበባ ጎመናቸውን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ሰለሞን ቡድኑን ቀድሞ መራ። ደህና ነበር፤ ግን የራሱን ካብ ሲያሳይ አፈረና ድምፁ ጠፋ። የእኔ ተራ ሲደርስ አንድም ጊዜ እግሬን አላየሁም። ስለ አጥሩ ነገርኳቸው፣ ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው፣ ስለ ጀልባ ማቆሚያው ነገርኳቸው፣ ሳቁልኝ። አግዳሚው ወንበር ጋ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ጎብኚ ወንበሩ ለምን እንዲህ አጠረ ብላ ጠየቀችኝ።

«ለእናቴ ነው» አልኳት። «እናቴ አጭር ናት። ልትመጣ ነው፤ እዚህ ነው የማስቀምጣት።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ቆመው የነበሩት ጋሼ ዳምጤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሄለን ጠርታ ሥራው የእኔ መሆኑን ነገረችኝ። ዓርብ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጌታቸው የሚያነብላት ነው። «እማዬ፣ ሥራው የእኔ ሆነ፣ ልብስሽን አዘጋጂ» ይላል። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ጋሼ ዳምጤን ቀድሜ ልውጣ ብዬ አስፈቀድኩ። ፖስታውን በእጄ ይዤዋለሁ፤ የእናቴ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። አዩት።

«ሂጂ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ያኔ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ከአንዲት ልጅ ጋር ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። በመስኮት ሳይ ስድስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ቀሲስ ኃይሉ አሉ፣ የሰፈር ሴቶች አሉ፣ ከፊት ጋሼ ዳምጤ በተተኮሰ ሸሚዝ። ሐበሻ በማለዳ ስድስት ሆኖ በር ላይ ሲቆም ለምን መጣችሁ አይባልም። በሩን ሳልከፍት ነው የጮህኩት።

ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አላውቅም። ትንሽ ሲበርድልኝ «መቼ ነው?» አልኩ።

«በቅርቡ ነው የኔ እናት፣ አሁን እሱን ተይው» አሉ አንዷ እትዬ ጀርባዬን እያሻሹ።

«ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነው» አሉ ጋሼ ዳምጤ።

ጀርባዬን የሚያሻሸው እጅ ቆመ።

«ወንድምሽ በሁለተኛው ቀን ነገረኝ። እነዚህ ሰዎች የሰሙት ትናንት ማታ ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።»

«ያውቁ ነበር?» አልኩ። «ጭቃው ውስጥ ስወድቅ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እማዬ ስትመጣ ስል ይሰሙኝ ነበር።»

«እሰማሽ ነበር።»

«ደብዳቤውን ይዤ ስቆም?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብነግርሽ መሬት ትቀመጪ ነበር፤ ሥራው ይሄድብሽ ነበር። መርከብ ላይ መርዶ አይነገርም። አንቺ ራስሽ ልክ ነው ብለሻል» አሉ።

አዎ ብያለሁ። እንጀራ እየጠቀለልኩ ብያለሁ።

«ሥራውን የፈለግሁት ለእሷ ነበር እኮ!» አልኩ። «ሰለሞን ሦስት ልጆች አሉት፤ ብነገር ኖሮ ለእሱ ይሆን ነበር። አሁን እኔ ለማን ነው የምሠራው?»

«ለራስሽ» አሉ።

እንደዚያ ቃል የጠላሁት ነገር የለም። እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ። ቀሲስ ኃይሉ የሚያጽናኑኝ መስሏቸው ጠጋ አሉና ሌላ ነገር ጨመሩ። ጋሼ ዳምጤ በሰባተኛው ቀንም በአሥራ ሁለተኛውም ቤተ ክርስቲያን መጥተው፣ «የዘመድ ናት» ብለው፣ ወለተ ሥላሴ በሚል ስም ፍትሐት አስደርገዋል። ቆመው አስቀድሰዋል። የማን እናት እንደሆነች ቀሲስ ያን ጊዜ አላወቁም።

ያኔ ነው ያ ጠዋት የገባኝ፤ ጣውላ ስንሸከም በዝግታ የጠየቁኝ። እኔ ለደስታዬ ስሟን ሰጠኋቸው። እሳቸው ይዘውት ሄደው በእኔ ቦታ ቆሙ። ባዕድ ሰው ለእናቴ ቆሞ ሲያስፈታላት እኔ ወደ ኋላ መራመድ እየተማርኩ ነበር። ሣልስቷ አልፎኛል፣ ሰባቷ አልፎኛል፣ አሥራ ሁለቷ አልፎኛል። ሐዘን እንኳ ትርፍራፊው ነው የደረሰኝ። ደብዳቤዬም ደሴ ደርሶ ጌታቸው ከፍቶ አንብቦታል፤ ምን እንደተሰማው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

«ከቤቴ ይውጡ» አልኳቸው። ለቅሶ ቤት የመጣ ሽማግሌ አይባረርም፤ እኔ አባረርኩ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ሥራውን አላገኘውም ነበር። ሰባት ቀን መሬት ተቀምጬ፣ ድምፄ ጠፍቶ፣ ማን ነው ቡድን የሚመራው? ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። አራት ዓመት የበላሁት እንጀራ፣ የተከራየሁት ቤት፣ ለጌታቸው ልጆች የምልከው፣ ሁሉም ከዚያ ዝምታ የወጣ ነው። ሰለሞን ዌሪቢ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ገባ። ሲያገኘኝ እቅፍ አድርጎ ይስመኛል፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ጋሼ ዳምጤን ከዚያ በኋላ አላናገርኳቸውም። አንድ ጊዜ ግን መጥተው ነበር። አምና ከጡረተኞች አውቶቡስ ሲወርዱ አየኋቸው፤ ከስተዋል፣ ሸሚዛቸው ግን ተተኩሷል። እንደማንኛውም ጎብኚ ከኋላ ተሰልፈው ተከተሉ። እየሄዱ ጣውላውን በተረከዛቸው መታ መታ ያደርጋሉ። አግዳሚው ወንበር ጋ ስንደርስ አልተቀመጡም። ጉብኝቱ አልቆ ሰው ወደ አውቶቡሱ ሲገባ አጠገቤ ቆሙ።

«ስትዞሪ ግራ እግርሽን ታያለሽ» አሉኝ። «አትይ።»

ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ጠበቁና ሄዱ። መጨረሻ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ቀብራቸው ባለፈው ዓርብ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ፣ ከነቄሱ። ሰለሞን ሥራ አስፈቅዶ መጥቷል። ቀሲስ ኃይሉ ደጋግመው ደውለውልኝ ነበር፤ «እያጠያየቅሁ ነው አባ» አልኳቸው። ጸሎቱ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ቆም አሉ፤ ዙሪያውን የቆምነውን በዓይናቸው ፈለጉ፤ እኔ ላይም ደረሱ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ጫማዬን አየሁ። «ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ» ብለው ቀጠሉ።

ወደ መኪናችን ስንመለስ ሰለሞን ክንዴን ያዘ። «የሺ፣ አሁን እንኳ ይቅር በያቸው» አለኝ።

«እያሰብኩበት ነው» አልኩት። ውሸቴን አልነበረም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አሥራ ሁለታቸው። ጠዋት ቡድን መርቼ ነበር። ወንበሩ ለምን እንዳጠረ አንድ ሰው ጠየቀኝ፤ አናጺው ተሳስቶ ነው አልኩት። ማንም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በስማቸው የቆመላቸው የለም፤ መቆም የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። ለቀሲስ ኃይሉ እደውላለሁ። ስሙን እሰጣቸዋለሁ፣ ፍትሐቱንም ቆሜ አስደርጋለሁ፤ ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደሚገባው። የሚመጣው ሐሙስ አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ያን ዕለት እደውላለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኙን ቀን ሳላውቅ ቆይቻለሁ፤ እሳቸው እያወቁ ይጠብቁ።